ኮፈኑ የማይከፈት መኪና

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ሰዓት የተነገረ)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ሁለት ይመስላል፤ ስለ ኤሌክትሪክ መኪናና በጠረጴዛችን ላይ ስላለው ኮምፒዩተር ነው። እኛ ሁለቱንም በትርፍ ጊዜያችን የምንነካካ፥ በፍቅር እንጂ በሙያ ያልተሰማራን ተማሪዎች ነን። ነገር ግን ሁለቱን አንድ ጥያቄ እንደሚያገናኛቸው ተረድተናል። ይኸውም ሰው በገንዘቡ የገዛውን መሣሪያ ከፍቶ ለማየትና ለመጠገን ይችላልን? የሚል ነው።

አስቀድመን ስለ መኪናው እንናገር። እኛ የኤሌክትሪክ መኪና ወዳጆች ነን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው። የቤንዚን ሞተር ያለ አየር አይነድም፤ ስለዚህ ቱርቦ ከሌለው በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል እዚህ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይሻምና የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ በዚህ ምክንያት አይደክምም፤ ቁልቁል ሲወርድም ሞተሩ ራሱ ጄነሬተር ሆኖ ከኃይሉ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የሚበላውም ኃይል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነዳጅ ሳይሆን፥ አብዛኛው ከገዛ ወንዞቻችን የሚመነጭ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። መንገዱ ተመርጧል ማለት ነው።

ታዲያ የሚያሳስበን ምንድን ነው? ሁላችንም ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባችውን ላዳ ታክሲ፥ አሮጌዋንም ቮልስዋገን እናውቃለን። ዕድሜያቸውን ያረዘመው ፋብሪካው አይደለም፤ ኮፈኑን ከፍቶ፥ የተበላሸውን ፈትቶ፥ ከሶማሌ ተራ ባገኘው ዕቃ የሚተካው መካኒክ ነው። አዲሱ መኪና ግን በጎማ ላይ የሚሄድ ኮምፒዩተር ነው። ባትሪው ከብዙ ትንንሽ ሴሎች የተሠራ ሲሆን የያንዳንዱን ክፍል ቮልቴጅና ሙቀት የሚጠብቅ ኮምፒዩተር አለው። አንዱ ክፍል ሲደክም ጥፋቱ የት እንደ ሆነ የሚያውቀው ይህ ኮምፒዩተር ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ከባለ ፋብሪካው መመርመሪያ በቀር ለሌላ ሰው ምስጢሩን አይገልጽም። በአንዳንዶቹ መኪናዎች አዲስ ዕቃ ቢገጠም እንኳ ሶፍትዌሩ ካልፈቀደለት አይሠራም። ኮፈኑ ቢከፈትም ተዘግቷል ማለት ይህ ነው።

ነገሩ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል በአሜሪካ ታይቷል። ጄኔራል ሞተርስ ከ1996 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ኢቪ1 የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን አከራየው እንጂ አልሸጠውም። በ2003 ፕሮግራሙን ሲያቆም፥ ተከራዮቹ እንግዛችሁ ብለው ቢለምኑም መኪናዎቹን ሰብስቦ አብዛኞቹን ጨፈለቃቸው። ወዳጆቹ መኪናውን ያሽከረክሩት ነበር እንጂ የነርሱ አልነበረም።

የኮምፒዩተር ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ ቀድመው አንሥተውታል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ የኤም.አይ.ቲ. ፕሮግራመር የሚሠራበት ላቦራቶሪ ማተሚያ ወረቀት እየያዘ ቢያስቸግር ሶፍትዌሩን ለማሻሻል ፈለገ፤ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ግን ከለከሉት። በ1983 እ.ኤ.አ. ማንም ሊያነበው፥ ሊያሻሽለውና ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት ለመሥራት ተነሣ፤ ስሙንም ግኑ አለው። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን ጀመረ። እንደኛ ተማሪ የነበረ ሰው የጀመረው ሥራ ዛሬ በዓለም ላይ ፈጣን ናቸው የተባሉትን 500 ኮምፒዩተሮች ሁሉ ያንቀሳቅሳል፤ የአንድሮይድ ስልኮቻችንም ልብ እርሱ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። የገዛ ፊደላችን ምስክር ነው። ቀድሞ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች እያንዳንዳቸው ለፊደሉ የየራሳቸውን የቁጥር ምልክት ይሰጡት ስለ ነበር፥ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ለሁሉ ክፍት በሆነው ዩኒኮድ ከገባ በኋላ ግን ችግሩ እየተቃለለ ሄደ። ዛሬ ያው ጣጣ በመኪና መሙያ ሶኬት መጥቶብናል፤ ለቻይና ገበያ የተሠራው አንድ ዓይነት፥ ለአውሮፓ የተሠራው ሌላ ዓይነት መሰኪያ አለውና።

ነጻ ሶፍትዌር እንከን የለሽ ነው አንልም። ለአንዳንድ ትምህርት የሚያስፈልጉ ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይ አይሠሩም፤ መላመድም ትዕግሥት ይጠይቃል። የመኪናው ባትሪም ብዙውን ጊዜ 400 ቮልት ያህልና ከዚያ በላይ የሚይዝ፥ ሳያውቁ የነኩትን ሊገድል የሚችል ነው። ስለዚህ ይቆለፍ የሚሉ አሉ። እኛ ግን አደጋው ትምህርትን ያስፈልገዋል እንጂ ምስጢርን አያስፈልገውም እንላለን። ከፍተኛ ቮልቴጅ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው አዲስ ነገር አይደለም፤ ተምሮ ይሠራበታል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል፤ አዲሱን ለመቀበል አቅም ያጡ ደህና ኮምፒዩተሮች ከመጣላቸው በፊት ሊኑክስ ተጭኖባቸው ለተማሪዎች ይሰጡ። ሁለተኛ፥ የኢንጂኔሪንግ መምህራኖቻችን የኤሌክትሪክ መኪና ጥገናን ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለጋራዥ መካኒኮችም በማታ ያስተምሩ። ሦስተኛ፥ መኪና አስመጪ ሁሉ የጥገና መጽሐፉንና የመመርመሪያውን ፈቃድ ለማንኛውም የሠለጠነ ባለሙያ እንዲያቀርብ በሕግ ይጠየቅ። ይህ የማይሆን ነገር አይደለም፤ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012ና በ2020 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥቶ እንዲህ ያለ ሕግ አጽድቋል።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ የመኪናዎቹ የዋስትና ዘመን የሚያበቃበት ቀን ሩቅ አይደለም። በዚያን ቀን መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ምን ያያል? የሚያነበው ነገር ካገኘ መኪናው እንደ ላዳዋ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል፤ ካላገኘ ግን በየግቢው ቆሞ የሚቀር ብረት ይሆናል። የሚያነበውን የሚያዘጋጁለት ደግሞ ከዚህ አዳራሽ የሚወጡ ናቸው።