ተቀበል ያለው ማን ነው? የተቃውሞ ዘፈንና ዋጋው



የዛሬውን ርእስ የሰጡኝ ስማቸውን ያልጠየቅኋቸው አንዲት እናት ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የበጋ ወራት፣ በገንዘብ ክስ ተፈርዶበት የታሰረ የአጎቴን ልጅ ለመጠየቅ እሑድ እሑድ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት እመላለስ ነበር። ምሳ ዕቃችንን ይዘን ተሰልፈን ስንጠብቅ የሰልፉ ወሬ አንድ ነበር፤ በዚያው ግቢ ታስሮ ስለነበረው ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን። አስተማሪ መሆኔን የሰሙት እናት ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ ዘፋኝ እንዲህ ያለ ነገር መዝፈን ነበረበት ትላለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ተራዬ ደረሰና ገባሁ፤ ስወጣ አላገኘኋቸውም። ይህ ገለጻ የዘገየ መልሴ ነው።

አስቀድሜ የታወቀውን ላስታውስ። ድምፃዊው «ያስተሰርያል» የተሰኘውን አልበም ያወጣው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ዓመት የግንቦት ምርጫ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን መንግሥታት ሲለዋወጡ ያልተለወጠውን ኑሮ እያነሣ ይቅርታንና ዕርቅን የሚሻ ነው። ሕዝቡ ግን የተቃውሞ መዝሙር አደረገው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ድምፃዊው ሲታሰር የቀረበበት ክስ ዘፈኑን የሚጠቅስ አልነበረም፤ አንድ የጎዳና ተዳዳሪ ወጣት በመኪና ገጭቶ ገድሎ አምልጧል የሚል ነበር። እርሱም ክሱን ክዶ ተከራከረ። በኅዳር 2001 ዓ.ም. 6 ዓመት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ 2 ዓመት ዝቅ ተደረገለትና በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ተፈታ።

የሰልፉ ሰዎች ክሱን ሰበብ፣ ዘፈኑን እውነተኛ ምክንያት አድርገው ነበር የሚያወሩት። ልክ ነበሩ ወይም ተሳስተው ነበር ብዬ ዛሬ አልፈርድም። ከጊዜ በኋላ ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነው፦ በእነዚያ እሑዶች ሁሉ ስለሞተው ወጣት የጠየቀ አንድም ሰው አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅሁም። አንድን ሰው ምልክት ስናደርገው በአጠገቡ ያለ ሌላ ሰው እንዴት ከዓይናችን እንደሚጠፋ የተማርሁት እዚያ ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። «ሙዚቀኛ የፖለቲካ ተቃውሞ ዘፈን ሊጽፍ ይገባዋልን?» ስንል ዘፈንን የአንድ ሰው ሥራ አድርገን እንነሣለን። ባህላችን ግን ዘፈንን እንዲህ አያውቀውም። በአዝማሪ ቤት ስንኙን ብዙ ጊዜ የሚያቀብለው አድማጩ ነው። «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየመታ ያዜመዋል። ቃሉ የአንዱ፣ ድምፁ የሌላው ነው። በሰምና ወርቅም እንዲሁ ነው፤ ባለቅኔው ሰሙን ያቀርባል፣ ወርቁን ፈልቅቆ የሚያወጣው ሰሚው ነው። «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር የሚባሉት ነገሥታትም በእረኛው አፍ የአገሩን ሆድ ይሰሙ ነበር።

እንግዲህ የተቃውሞ ዘፈን ሁለት ደራሲዎች አሉት ማለት ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር እየተለቀሙ እንዲገደሉ ሲያዝ፣ የፈራው በማሲንቆው ዙሪያ የሚሰበሰበውን ጆሮ ነበር። ስንኙን ያቀበለው ሰው ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ ማሲንቆ የያዘው ግን መደበቂያ የለውም።

ከማረሚያ ቤቱ ሳንርቅ፣ በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው የገላን ኮንዶሚኒየም እንለፍ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ሃጫሉ ሁንዴሳ በጥይት የተመታው እዚያ ነው። ሃጫሉ ገና በአፍላ ወጣትነቱ ታስሮ 5 ዓመት ያህል በአምቦ እስር ቤት አሳልፏል፤ ለመጀመሪያ አልበሙ የሆኑትን ዘፈኖችም በአብዛኛው የደረሰው በእስር ላይ ሳለ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው «ማላን ጅራ» በቀጣዮቹ ዓመታት በኦሮሚያ የተቃውሞ ሰልፎች የብዙ ወጣቶች ድምፅ ሆነ። እርሱ ከሞተ በኋላ በተነሣው ሁከት ደግሞ ከ150 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ለአንዱ የፍትሕ ጩኸት ሆኖ የሚሰማ ድምፅ ለጎረቤቱ ሥጋት ሆኖ ሊሰማ በሚችልበት አገር፣ ተቃውሞን ማዜም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይህ ይበቃናል።

ከእናንተ መካከል «ታዲያ ሙዚቀኛ ዝም ይበል ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ዝምታም ዋጋ አለው፤ የሚከፍሉትም ድምፅ የሌላቸው ናቸው። በደቡብ አፍሪካ የነፃነት መዝሙር ደራሲው ቩዪሲሌ ሚኒ በ1964 እ.ኤ.አ. ተሰቅሏል፤ በቺሊ ቪክቶር ኻራ በመስከረም 1973 እ.ኤ.አ. ከመፈንቅለ መንግሥቱ ጥቂት ቀናት በኋላ ተገድሏል። የገደሏቸው ሥርዓቶች አልፈዋል፤ ዘፈኖቻቸው ዛሬም ይዘፈናሉ። ዘፈን ከንቱ ነው የሚል ካለ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ማስተባበል ይኖርበታል።

ነገር ግን «ይገባዋል» የሚለው ቃል ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ሰምቼዋለሁ። በደርግ ዘመን ልጅ ሳለሁ የቀበሌያችን ኪነት አባል ነበርሁ። መዝፈን ይገባን ነበር፤ ምን መዝፈን እንደሚገባንም ይነገረን ነበር። ድምፃችን ያምር ነበር፤ ከልባችን የወጣ ግን ጥቂት ነው። ሥልጣን «አወድስ» ብሎ ሲያዝና ሕዝብ «ተቃወም» ብሎ ሲያዝ ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ ያለ እምነት የሚዘፈነው ዘፈን ግን በሁለቱም ዘንድ ባዶ ነው።

ስለዚህ ለእኒያ እናት የምመልሰው እንዲህ ነው። ሙዚቀኛው ያየውንና ያመነበትን የመዝፈን ሙሉ መብት አለው፤ ግዴታ ግን የለበትም። የሚዘፍን ከሆነ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ የሚቃወመውም ሰው ሰው መሆኑን ዘፈኑ እንዳይዘነጋ። በደልን ማጋለጥና ጎረቤትን ለጥቃት ማመላከት አንድ አይደሉም።

ግዴታው ያለው በእኛ በአድማጮቹ ላይ ነው። በዘፈኑ ውስጥ የራሳችንን ወርቅ ካገኘን፣ ያገኘነው እኛ መሆናችንን እንመን፤ በድምፃዊው አፍ ተደብቀን አንናገር። «ተቀበል!» ያልን ዕዳውንም አብረን እንቀበል። ምሁራን ደግሞ ተጨማሪ ዕዳ አለብን፦ ዘፈኑን በሐቅ መተንተን፣ ለመጪው ትውልድ ሰንዶ ማስቀመጥ፣ ዘፋኙ ሲሳሳትም በጭብጨባው ሳንወሰድ መናገር።

በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡ ወጣት ጦማርያን ራሳቸውን «ዞን ዘጠኝ» ብለው የሰየሙት፣ ቃሊቲ ስምንት ዞኖች አሉት፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ደግሞ ዘጠነኛው ነው ብለው ነበር። ስያሜው ምሬት አለበት፤ ለእኔ ግን ትምህርትም አለበት። በአጥሩ ውስጥ ላለው ዘፋኝ ከአጥሩ ውጭ ያለ አድማጭ ባዕድ አይደለም።

እኒያ እናት የማን እናት እንደነበሩ፣ ማንን ሊጠይቁ እንደመጡ አላውቅም። እኔን ግን ትክክለኛውን ሰው ጠይቀዋል፤ ዘፈኑን በካሴት ገዝቼ፣ በቤቴ ድምፁን ቀንሼ ያደመጥሁ፣ በክፍል ውስጥ ግን አንድም ቀን ያላነሣሁ መምህር ነበርሁና። ዛሬ አነሣሁት። ቀሪውን ለውይይታችሁ እተዋለሁ።