ተማሪዎች ስለ ጤና የሚሠሯቸው ፊልሞች
(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ተማሪዎች ስለ ጤናማ ኑሮ አጫጭር ፊልሞች አዘጋጅተው ስለሚወዳደሩበት ልማድ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። እኔም እንዲሁ ገምቼ ነበር።

እንግሊዛዊቷ ጋዜጠኛ ወይዘሮ ዴቦራ ኸተን ስለ ጤና በመጻፍ የታወቁ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሲጋራ አጭሰው ከተዉት ብዙ ዓመታት ቢያልፉም፥ በሳንባ ካንሰር ታመው እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ገና በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚያም በኋላ በስማቸው በተቋቋመው ማኅበር አማካይነት በብሪታንያ «ከት ፊልምስ» የተባለ ውድድር ተጀመረ። በውድድሩም ወጣቶች ስለ ትምባሆ 2 ደቂቃ የሚሆን ፊልም ሠርተው ያቀርቡ ነበር።

ሁለት ደቂቃ ለተመልካች ጥቂት ናት፤ ለሠሪው ግን ሳምንታት ትፈጃለች። ተማሪው የሚናገረው ነገር እውነት መሆኑን መመርመር፥ ከጓደኞቹ ጋር መከራከር፥ ቃሉን መጻፍና ያንኑ ትዕይንት ደጋግሞ ማንሣት ግድ ይሆንበታል። አባቱ «አታጭስ» ቢለው በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያፈሰዋል። ይህንኑ ነገር ለእኩያው እንዴት አድርጎ እንደሚያስረዳው ሲያወጣና ሲያወርድ የሰነበተ ልጅ ግን፥ በመካከሉ ለራሱም መልስ መስጠቱ አይቀርም። እንደ እኔ አስተያየት የውድድሩ ጥቅም ከዋንጫው ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ውድድር ባይሆንም ይህንኑ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። የአሜሪካው የፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ከትምባሆ ኩባንያዎች ጋር ባደረገው የፍርድ ስምምነት ገንዘብ ባገኘ ጊዜ፥ በሚከተለው ዓመት ወጣቶችን ሰብስቦ ምክር ጠየቀ። ወጣቶቹም ተግሣጽ እንደ ሰለቻቸው፥ ይልቁንም የሲጋራ ሻጮቹ ዘዴ ቢገለጥ እንደሚሻል ተናገሩ። «እውነት» የተባለው ዘመቻ በዚህ ምክር ተሠራ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል የሚያጨሱት ከመቶ 18.5 ወደ 15፥ ከሁለተኛ ደረጃዎቹም ከመቶ 27.4 ወደ 25.2 ወረዱ። በርግጥ ፊልም ብቻውን ይህን አላደረገም፤ ሌላም ብዙ ሥራ አብሮት ተሠርቷል።

በዚያው በ1998 ዓ.ም. የፊሊፕ ሞሪስ ኩባንያ «አስብ፤ አታጭስ» የሚል የራሱን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጣ። ምክሩ ሲያዩት መልካም ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ ማስታወቂያውን ያዩት ወጣቶች ወደፊት ለማጨስ የነበራቸው ዝንባሌ ካላዩት ከፍ ብሎ ተገኘ። ሲጋራ ሻጭ ስለ ሲጋራ ሲመክር ሰሚው ምን እንደሚያስብ ለእናንተ መንገር አያሻኝም።

እንግዲህ ለተማሪ መፈክር ጽፎ ሰጥቶ በካሜራ ፊት ማስነበብ ውድድር ሊባል አይችልም። ለዳኝነት የምንጠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እኛው የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆንን፥ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

አንድ ጊዜ በእንዲህ ያለ ውድድር ከዳኞቹ አንዱ ነበርሁ። አንደኛ ያደረግነው ፊልም ጎሕ ሲቀድ የሚሮጡ ወጣቶችን፥ ዜማና ያማረ ብርሃን የነበረበትን ነው። በእጅ ስልክ የተነሣ አንድ ሌላ ሥራ ግን ነበር። ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ የሚታየውም በአንድ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሲጋራ መተርኮሻ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው ይስላል። ልጁ ምንም ቃል ሳይናገር፥ በየማለዳው የተቆጠሩትን ቁራጮች ቁጥር በወረቀት ጽፎ ያሳያል። «አባትን ማዋረድ ነው» ተባለና መጨረሻ አደረግነው፤ እኔም እጄን አውጥቼ ደገፍሁ። ከስብሰባው እንደ ወጣን፥ ከዳኞቹ ሦስታችን በረንዳው ላይ ቆመን ሲጋራ ለኮስን።