ጠመንጃ ለምን ይግላል? ከውጅግራ እስከ ክላሽ



ከአማኑኤል እስከ ብቸናና ሞጣ ባለው አገር ጠመንጃ እንግዳ ነገር አይደለም። በሠርግ ይተኮሳል፤ በለቅሶም ይተኮሳል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄም ከዚሁ የራቀ አይደለም። በተከታታይ ሲተኮስ ጠመንጃ ለምን ይግላል? ግለቱስ መቼ ሰው ይገድላል?

ከሒሳቡ እንጀምር። አንድ የክላሽ ጥይት አንድ ግራም ተኩል ያህል ባሩድ ይይዛል። ባሩዱ ሲቃጠል ወደ 6 ሺህ ጁል የሚጠጋ ጉልበት ያወጣል፤ አረሩ ይዞት የሚሄደው ግን 2 ሺህ ጁል ያህሉን ብቻ ነው። ከቀሪው የሚበልጠው ከጋለው ጋዝ ጋር በአፈሙዙ ይወጣል። አንድ ሺህ ጁል ያህሉ በቱቦው ብረት ውስጥ ይቀራል ብለን በግምት እንያዝ። አንድ ኪሎ ብረት በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 500 ጁል ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ ቱቦው አንድ ኪሎ ቢመዝን እያንዳንዱ ተኩስ ሁለት ዲግሪ ይጨምርበታል ማለት ነው። ባለ 30 ጥይት አንድ ካዝና 60 ዲግሪ፣ በላይ በላዩ የተተኮሱ አምስት ካዝናዎች 300 ዲግሪ ይሆናሉ። አየሩ ከዚህ ጥቂት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጥድፊያ ባለበት ተኩስ አየር ብዙ አይረዳም።

ብረቱ እጅ ማቃጠሉ ቀላሉ ጉዳት ነው። ከባዱ ሌላ ነው። ባሩድ ከ170 እስከ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ክላሽ ደግሞ ተኳሹ ጣቱን ከቃታው ሲያነሣ ቀጣዩን ጥይት አጉርሶ ነው የሚቆመው። ጥይቱ በጋለ ብረት ተከብቦ ይቀመጣል፤ ሙቀቱ ቀለሁን አልፎ ባሩዱ ዘንድ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። በዚያ መካከል ባለጠመንጃው መሣሪያውን አንግቶ ከሰው ጋር እያወጋ ሊሆን ይችላል። ቃታውን ማንም ሳይነካው ይተኮሳል።

ይህ ችግር በአያቶቻችን ዘመን ለምን ብዙ አልተሰማም? ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በላይ ዘለቀና ሌሎች የጎጃም አርበኞች ሲዋጉ በሕዝቡ እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። ስሙ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ ነው። አንድ ጥይቱ ከ5 ግራም በላይ ጥቁር ባሩድ ስለሚይዝ በየተኩሱ የሚያወጣው ሙቀት ከክላሽ አያንስም። ሆኖም እያንዳንዱ ጥይት በእጅ ይጎርሳል፤ ዝናሩም ቶሎ ይራቆታል። እኔ እንደምገምተው የአርበኛውን ጠመንጃ ያቀዘቀዘው የጥይት እጦት ነው።

ጣሊያን ግን መትረየስ ነበረው፤ መትረየስ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይግላል። በ1914 እ.ኤ.አ. የወጣው የፊያት መትረየስ ቱቦው በውሃ የተከበበ ነበር። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ከ2 ሚሊዮን ጁል በላይ ይወስዳል፤ ይህም በሒሳባችን የ2 ሺህ ጥይት ሙቀት ነው። ጉዳቱ ውሃው መቅዳትና መሸከም የሚሻ መሆኑ ነው። በበጋ ወንዝ ወርዶ ተራራ የወጣ ሰው ይህን ሳልነግረው ያውቃል። በ1935 እ.ኤ.አ. መሐንዲሶቹ ውሃውን አስወግደው ቱቦው በአየር እንዲቀዘቅዝ አደረጉ፤ መሣሪያው ግን እንደ ክላሽ ጥይት አጉርሶ መቆሙን አልተወም። ስለዚህ በራሱ መተኮሱ የታወቀ ነውሩ ሆነ። የእንግሊዙ ብሬን የተሻለ መፍትሔ አለው፤ ተኩሱ ሲቆም መዝጊያው ወደ ኋላ ተከፍቶ ይቀራል፣ ጥይት አይጎርስም፣ አየርም በቱቦው ውስጥ ይመላለሳል።

ክላሽ ይህ የለውምና ሥራው የባለቤቱ ነው። ብዙ የተተኮሰበትን ጠመንጃ አፈሙዙን ከሰው አርቆ፣ ካዝናውን ነቅሎ፣ የጎረሰውን ጥይት አውጥቶ፣ መዝጊያውን እንደ ከፈቱ ማቆየት ይገባል። ከዚያ በፊት ትከሻ ላይ አይወጣም። በሚቀጥለው ሳምንት በቤተ ሙከራ አንድ የብረት ቱቦ በእሳት አሙቀን በነፋስና ያለ ነፋስ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ እንለካለን። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።