አዛውንቱ አሽከርካሪና አዲሷ መኪና፦ ከፎገራ ሜዳ የተነሣ ጥያቄ



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንድ ተማሪ «ሽማግሌን ምን መኪና ያስነዳዋል?» ብሎ መሳቁን ሰምቻለሁ። ሳቁን አልነቅፍም። በልማዳችን ልጅ መሪ ይይዛል፣ አባት ከጎኑ ወይም ከኋላ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ያ ልጅ ዛሬ የት ነው? ከወረታ፣ ከአዲስ ዘመን፣ ከጣራ ገዳም ሥር ካሉት መንደሮች የወጣው ልጅ አዲስ አበባ ነው፤ ካልሆነም ጅዳ ወይም ዋሽንግተን። አባትየው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ወይም የሩዝ ነጋዴ፣ ወይም የወፍጮ ባለቤት። ዓይናቸውን ወይም ልባቸውን ለመታየት ባሕር ዳር መድረስ አለባቸው። ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በባጃጅ የሚኬድ መንገድ አይደለም፤ በሚኒባስ መሄድ ደግሞ ጉልበቱ ለታመመ ሰው ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እኔ የተሽከርካሪ ምህንድስና መምህር ነኝ። ስለዚህ ጉዳዩን ከሰውነት ልጀምረው፤ ዋጋውና ግብሩ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ዕድሜ በአሽከርካሪ ላይ ቀድሞ የሚነካው ዓይንን ነው። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያስገባው ሢሶ ያህል ብቻ ነው። ከፊት የሚመጣ የአይሱዙ መብራት ካንጸባረቀበት በኋላ እንደገና ለማየት የሚወስድበት ጊዜም ይረዝማል። ከዚያ አንገት ይከተላል፤ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ያስቸግራል። ከዚያም ዳሌና ጉልበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፎርድ ኩባንያ ከእንግሊዙ የላፍበራ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ወጣት መሐንዲሶቹን የሚያስረጅ ልብስ አሠራ። መገጣጠሚያን የሚያደነድን፣ ወገብን የሚያከብድ፣ እይታን የሚያደበዝዝ ልብስ ነው። መሐንዲሶቹ ያንን ለብሰው መኪና ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ አያቶቻቸው ለምን እንደሚያቃስቱ ገባቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣችው ፎከስ መቀመጫዋ ከፍ፣ በሯ ሰፋ ብሎ የተሠራው ከዚህ ትምህርት የተነሣ ነው። ማንም ግን «የሽማግሌ መኪና» ብሎ አልሸጣትም፤ ወጣቱም ደስ ብሎት ገዛት።

እንግዲህ ለአዛውንት የምትመች መኪና ማለት ምን ማለት ነው? መቀመጫዋ ሰውዬው ቆሞ ሳለ ከዳሌው ጥቂት ዝቅ ያለች፣ ማለትም የማይወድቅባት፣ የማይንጠላጠልባትም ናት። ቁመታቸው የተከበረባቸው ላንድክሩዘሮች በዚህ ፈተና ይወድቃሉ፤ ዝቅ ያሉት የድሮ ኮሮላዎችም እንዲሁ። ፍሪሲዮን የሌላት፣ መሪዋ የቀለለ፣ ስፖኪዮዋ ሰፊ፣ ከኋላ ካሜራ ያላት ብትሆን ይመረጣል። አጭርም መሆን አለባት፤ በወረታ የገበያ ቀን ከጋሪና ከባጃጅ መካከል ዞሮ ለመውጣት 3.8 ሜትርና 4.6 ሜትር አንድ አይደሉም።

ወደ ዋጋው ልምጣ። የኢትዮጵያ ሰው መኪናን የሚገዛው አሮጌ አድርጎ ነበር። አባቶቻችን ቮልስዋገንና ሰይቼንቶ፣ ከዚያ ላዳና ዲኤክስ፣ እኛ ደግሞ ቪትዝ ነዳን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ይህን ልማድ ሰበረው። ሞተሯ ከ1,300 ሲሲ የማይበልጥ አዲስ መኪና 5 በመቶ ብቻ ሲጣልባት፣ በአሮጌዎቹ ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው እስከ 500 በመቶ ተጣለ። ዓላማው አዲስ፣ ትንሽና ንጹሕ መኪና እንዲገባ ነው፤ በወረቀት ሲታይ ለአዛውንቱ የተጻፈ ሕግ ይመስላል። በተግባር ግን አስቀድመው አገር ውስጥ የነበሩት አሮጌ መኪኖች ዋጋቸው ሰማይ ወጣ፤ አዲሶቹም በውጭ ምንዛሬ እጥረት ሳቢያ በበቂ ቁጥር አልገቡም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የጡረታ አበሉ በብር፣ የመኪናው ዋጋ በዶላር መሆኑ ይበልጥ ተሰማን።

በዚሁ ዓመት ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርገው ነበር፤ የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ለተገጣጠመው 15፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበትኖ ለሚመጣው ዜሮ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ አዲስ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ጡረተኛ፣ ወደደም ጠላም፣ የሚያስበው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው።

ብዙዎች ይህን እንደ መርገም ይቆጥሩታል። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፣ ካምቢዮ የለውም፤ ለታመመ ግራ ጉልበት ይህ ከማንኛውም መድኃኒት ይሻላል። በክልላችን ከተሞች ነዳጅ ማደያ ላይ ለግማሽ ቀን መሰለፍ ለወጣት እንኳ ድካም ነው፤ መኪናው በግቢ ውስጥ ሌሊቱን ኃይል ከሞላ ሰልፉ ይቀራል፣ መብራት ካለ ማለቴ ነው።

ወረታ ላይ አንድ የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር «ዳገቱንስ ይችለዋል?» ሲሉ ጠይቀውኛል። የጭነት ሹፌር ሲጠይቅ በቁጥር መመለስ ያስፈልጋል። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ተሳፋሪዎቿን ጨምሮ 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪናን 900 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል። ለ40 ኪሎ ሜትሩ ርቀት ሌላ 5 ጨምሩ። ትንሿን የቢዋይዲ ሲጋል ብንወስድ፣ ርዝመቷ 3.78 ሜትር፣ አነስተኛው ባትሪዋ 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ደብረ ታቦር ሲደርሱ ከባትሪው ሢሶ ያህሉ ሄዷል፤ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ጥቂቱን ይመልሰዋል። ባሕር ዳር ደርሶ መመለስም አያስጨንቅም፤ ፋብሪካው በቻይና መለኪያ የሚናገረው 305 ኪሎ ሜትር በእውነተኛ መንገድ ሢሶው ቢቀነስ እንኳ 200 ይተርፋል። አዛውንቱ ሹፌር ሒሳቡን ሰምተው «እንግዲያው ከዳገቱ ይልቅ ጭቃው ነው» አሉኝ። ትክክል ናቸው። ይህች መኪና ከመሬት ያላት ከፍታ አነስተኛ ነው፤ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ በሚሆንበት በነሐሴ፣ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ሩዝ ማሳ የሚያመራ ሰው ሊገዛት አይገባም።

አሁን ስለማይወራለት ችግር። ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የፊት መስታወቱን ጉም ለማጥፋት የሚነካው ምልክት በስክሪን ላይ ነው፣ ጽሑፉም ቻይንኛ ነው፤ ማስጠንቀቂያውም በቻይንኛ ይናገራል። ወጣት ልጅ በስልኩ እየተረጎመ ይለምደዋል። የ68 ዓመት ሰው ግን መነጽሩን እየቀያየረ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ ስክሪን ሲዳስስ፣ ከፊቱ የፎገራ ላም መንገድ ታቋርጣለች። ምርጫው የተሰጠኝ ቢሆን ከባትሪው ትልቀት በፊት ለማሞቂያና ለመስታወት ማጥሪያ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያላትን መኪና አስቀድም ነበር።

ሌላው የመርገጫ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በቶኪዮ፣ ኢኬቡኩሮ፣ የ87 ዓመት አሽከርካሪ ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጁን ረግጠው እናትና ልጅ ሞቱ። ጃፓን ለዚህ የሰጠችው ምላሽ ፈቃድ መንጠቅ ብቻ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አንድ አዛውንት ራሱን የሚያቆም ፍሬንና የመርገጫ ስሕተት መከላከያ ያላቸውን መኪኖች ብቻ እንዲነዳ የሚፈቅድ የተለየ ፈቃድ አወጣች። የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይሉን በቅጽበት የሚሰጥ በመሆኑ ይህ ጉዳይ እኛንም ይመለከተናል። የእኛ ግብር መኪናን በሞተር መጠን፣ በዕድሜና በአገጣጠም ይለያል፤ ራሱን የሚያቆም ፍሬን ያላትንና የሌላትን ግን አይለይም። አስመጪውም ርካሿን ለማምጣት ሲል መጀመሪያ የሚያስቀረው ይህንኑ መሣሪያ ነው።

ለአካል ጉዳተኞች ከቀረጥ ነፃ ተሽከርካሪ የማስገባት መብት በአገራችን የታወቀ ነገር ነው። ለአዛውንት ተመሳሳይ መብት ይሰጥ አልልም፤ በአያት ስም የልጅ ልጅ የሚነዳት መኪና እንደምትበዛ ሁላችንም እናውቃለን። የምጠይቀው ያነሰ ነው። ነፃ የተደረገው ቀረጥ ለመሣሪያው ይሁን፤ ራሱን የሚያቆም ፍሬን ያላት፣ ማሳያዋም አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚያነብብ ሰው የሚረዳው የሆነች መኪና ከሌላዋ ያነሰ ትክፈል። አገር ውስጥ የሚገጣጥሙትም ይህን ማሟላት አይከብዳቸውም፤ ማሳያውን ወደ አማርኛ መመለስ የሶፍትዌር ሥራ ነው፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥም ሊሠሩት የሚችሉ ተማሪዎች አሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ቢሮዬ ክፍት ነው።

ስለ ባንክ ብድርና ስለ ያገለገለ ባትሪ ምርመራ ያዘጋጀሁት ነበር፤ ሰዓቱ ግን አልፏል። ከፊት የተቀመጡት አባት እጃቸውን ካነሡ ቆይተዋል፣ እርሳቸው ይጀምሩ።