ሕመማችንን ከስልክ ስንጠይቅ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በታክሲ ነጂዎች ስም የቀረበ ንግግር)



ታክሲ ነጂዎች እንዲናገሩ ሲጋበዙ ስለ ፓርኪንግ ቲኬት የምናማርር መስሏችሁ ይሆናል። የምንነግራችሁ ግን ኤርፖርት ተሰልፈን ተራ ስንጠብቅ ስለምንጠይቀው ሐኪም ነው። ሐኪሙ ስልካችን ነው። ቀጠሮ አይፈልግም፣ ኢንሹራንስ አይጠይቅም፣ ከሥራም አያስቀርም።

ችግሩ የሚጀምረው ገና ስንጽፍ ነው። ሕመማችንን የምናውቀው በአማርኛ፣ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ወገባችንን ሲይዘን «ኩላሊቴን አመመኝ» እንላለን። ቃሉን እንዳለ ተርጉመን ስንጽፍ ስለ ኩላሊት ጠጠርና ስለ ኩላሊት መድከም ያወጣልናል። «ብርድ መታኝ» የሚለው ትከሻው የተያዘበት ሰው ስለ ጉንፋን ያነባል። ምችማ ከነጭራሹ ትርጉም የለውም። (ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች አብዛኛውን ጊዜ ኸርፒስ ከሚባል ቫይረስ የሚመጣ ነው። ይህን ስም ለሚስቱ እንዴት እንደሚያስረዳ የተጨነቀ ባልደረባ አለን።)

እ.ኤ.አ. በ2008 ራየን ዋይትና ኤሪክ ሆርቪትዝ የተባሉ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ይህንን ነገር አጥንተዋል። ስለ ራስ ምታት የሚጠይቅ ሰው፣ እጅግ ጥቂት ሰው ብቻ ወደሚይዘው የአንጎል ዕጢ በቀላሉ እንደሚመራ አሳይተዋል። ጠዋት ቡና ሳይጠጣ የወጣ ነጂ እስከ ምሳ ኑዛዜ ሲያስብ አይተናል።

እኛን ከማስፈራራቱ ይልቅ የሚያሰጋን ግን ማረጋጋቱ ነው። ከመካከላችን አንዱ አንድ ባቱ አብጦ ሲያመው «የጡንቻ መሸማቀቅ» የሚል አነበበና ቅባት እየቀባ 3 ቀን ነዳ። ሆስፒታል ሲደርስ የደም መርጋት ሆኖ ተገኘ። ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ያመጣዋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ባልደረባችን እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል።

ማንበብ ካልቀረ ሜድላይንፕላስን አንብቡ። ከ1998 ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጀው ነው፤ ማስታወቂያ የለውም፣ በአማርኛም ጽሑፎች አሉት። ደረት ተጨንቆ ላብ ካጠመቀ፣ ፊት ባንድ ጎን ከተጣመመ፣ እጅ አልነሳ ካለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን ምንም ሳትጽፉ 911 ደውሉ።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡም አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «ኩላሊቴን» በሉና ቦታውን በእጃችሁ አሳዩ። ልጆቻችንን ግን አናስተርጉማቸው። የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ለሐኪም ሲነግር ታክሲያችን ውስጥ ሆነን በስልክ ሰምተናል።