የከተሞቻችን ፎቶግራፍ በማን እጅ ይገኛል?
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዩኒቨርሲቲያችን ስለሚዘጋጀው የተማሪዎች የፎቶግራፍ ትርዒት ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። ትርዒቱ ስለ ነቀምቴና ስለ ወለጋ ከተሞች እንዲሆን ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማንበት ነገር ግን አለ፤ ይኸውም በግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የማን ፎቶግራፍ ነው የሚለው ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ተማሪው ራሱ ያነሣው ብቻ ይሰቀል ይላሉ። አሳባቸውን አንንቅም። ይሁን እንጂ እስካሁን የቀረበውን ስናገላብጥ ያገኘነው የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት፣ እንደገና የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት፣ የፀሐይ መጥለቂያና ስማቸው ያልተጠየቀ የአንዲት አሮጊት ፊት ነው። ቤተ መንግሥቱ ማማሩን ማን ይክዳል? ግን ስንት ጊዜ!

እኛ የምንለው የግድግዳው እኩሌታ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ በየሰዉ ቤትና በየፎቶ ቤቱ ለሚገኘው አሮጌ ፎቶግራፍ ይለቀቅ ነው። በፊልም ዘመን ፎቶ ቤት የከተማው መዝገብ ቤት ማለት ነበር። ሙሽራው፣ ትምህርቱን የጨረሰው ልጅ፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚፈልገው ገበሬ ሁሉ የሚቆመው በዚያው አንድ ሥዕለ መጋረጃ ፊት ነበር። ፎቶው ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ኔጋቲቩ በፎቶ ቤቱ ይቀራል። እንግዲህ ዲጂታል ካሜራና ስልክ መጥተው ጨለማ ክፍሉ ሲዘጋ፣ ያ ኔጋቲቭ ለማንም የማይጠቅም መስሎ በካርቶን ውስጥ ተጣለ። የአገራችን ክረምት ደግሞ ረጅም ነው፤ እርጥበትና ሻጋታ የፊልምን ፊት እንዴት እንደሚበሉት ያየ ያውቀዋል።

ዝናቡም ብቻ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በደረሰው ግጭት እጅግ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል። ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ልጁን ያዝላል እንጂ አልበም አይሸከምም።

«አሮጌ የቤተ ሰብ ፎቶ ጥበብ አይደለም» የሚል መልስ ተሰጥቶናል። በአዲስ አበባ ግን የነዋሪዎችን የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ከየቤቱ የሰበሰቡ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። ዋና ከተማው ያገኘውን ዕድል ነጆ የማያገኝበት ምክንያት አይታየንም።

ስለ ስም ደግሞ አጥብቀን እንናገራለን። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጕመው እ.ኤ.አ. በ1899 ካሳተሙ በኋላ በነቀምቴ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዛሬ መልካቸውን የምናውቀው ፎቶግራፋቸው ከነስማቸው ስለ ተጠበቀ ነው። ከፎቶው በታች «የወለጋ እናት» ብሎ መጻፍ ስም አይደለም፤ እናቲቱ ስም አላቸው። ደግሞም ዛሬ የሰውን ፊት በአደባባይ መስቀል ባለፊቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ ስሜ ይውጣ ካለ ይውጣ፤ ይቅር ካለ ፎቶውም ስሙም ይቅር። ፈቃድ ያልተጠየቀበት ፎቶግራፍ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ከትርዒቱ እንዲወጣ ለኮሚቴው እናመለክታለን። ከእኛ መካከል ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቆሩ አሉ፤ ቢያጠቁሩም አሳባችንን አንለውጥም።

በዕረፍቱ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ እንግዲህ ዋናውን ፎቶ ከሰው እጅ አትውሰዱ። በመስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አንሡ፤ «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈው፣ ቀኑና የፎቶ ቤቱ ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ ያለው በጀርባው ነው። ባለቤቱ የነገራችሁን ስም፣ ከተማና ዓመት በዚያው በሰዓቱ ጻፉ። ፎቶውን ከግድግዳ ለማውረድ ካልፈቀዱላችሁ ግን አትከራከሩ፤ ቡናውን ጠጥታችሁ ተመለሱ።