የባድሪናት ሊቀ ካህናት ኑሮና ግዴታ
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የካህናት ሥልጣን ነገር በመካከላችን በተነሣ ቁጥር ጉባኤው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ካህን በበላይነት የተቀመጠበት ቤት ሁሉ ውሎ አድሮ የግል ርስት ይሆናል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የተቀደሰ ነገር በሕግ አይነካም» ሲል ይመልሳል። ዛሬ ማታ ሁለቱንም ወገን በአንድ ምሳሌ ልንፈትን አስበናል። ምሳሌውን ከራሳችን ቤት አላመጣነውም፤ ከራስ ቤት የመጣ ምሳሌ ከማስተማር ይልቅ ያጣላልና። ያመጣነው ከሕንድ አገር፥ ከሂማላያ ተራሮች ነው። የምንጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ባድሪናት በኡታራካንድ ክፍለ አገር፥ በአላክናንዳ ወንዝ ዳር፥ ከባሕር ወለል በላይ 3100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ የቪሽኑ መቅደስ ነው። ከፍታው ከእንጦጦ ራስ ብዙ አይለይም፤ ነገር ግን ከምድር ወገብ የራቀ ስለ ሆነ የበረዶው ወራት ሲገባ ሰው አይቀመጥበትም። ስለዚህ መቅደሱ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ አጋማሽ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ተከፍቶ በኅዳር ይዘጋል። ከበሩ በታች ፍል ውሃ አለ፤ ተሳላሚው በዚያ ታጥቦ ነው የሚገባው።

የዚህ መቅደስ ሊቀ ካህናት «ራዋል» ይባላል። ሊቀ ካህናት የምንለው የቀረበ ቃል ስላጣን እንጂ የእኛን ቤት ማዕርግ ለእርሱ ለመስጠት አይደለም። እንደዚሁም በመቅደሱ ውስጥ ያለውን የጥቁር ድንጋይ ቅርጽ «ምስል» ብለን እንጠራዋለን። ሌላ ቃል የሚመርጥ ወንድም ቢኖር በራሱ ጊዜ ይጠቀምበት፤ የሰውን ሃይማኖት ለማወቅ የመጣ ሰው ግን በስድብ አይጀምርም።

ራዋል የሚሆነው ማን ነው? የአገሩ ሰው ይመስለን ይሆናል፤ አይደለም። ራዋል የሚመጣው ከሕንድ ደቡብ ጫፍ፥ ከኬረላ፥ ናምቡዲሪ ከሚባሉት ብራህማኖች ወገን ነው። በኬረላና በባድሪናት መካከል ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ቋንቋው ሌላ፥ ምግቡ ሌላ፥ አየሩም ሌላ ነው። ከኮኮናት ዛፍ ጥላ ሥር ያደገ ሰው ወደ በረዶ አገር ወጥቶ ያገለግላል። ትውፊቱ ይህን ሥርዓት የሠራው በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው፥ የኬረላ ተወላጁ መምህር ሻንካራ ነው ይላል። በታሪክ በኩል የሚታየው ግን በ18ኛው መቶ ዓመት የመነኮሳቱ ተራ በተቋረጠ ጊዜ የጋርዋል ንጉሥ ሹመቱን ለአንድ ናምቡዲሪ መስጠቱ ነው።

የእኛም አገር ጳጳስ እስከ 1951 ድረስ ከግብፅ ይመጣ እንደ ነበረ የሚያስታውስ አድማጭ ሁለቱን ማመሳሰሉ አይቀርም። መመሳሰሉ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ይሄዳል። የእኛ ጳጳስ ከኋላው የላከው መንበር ነበረ፤ ራዋልን ግን ከኬረላ የሚያዝዘው መንበር የለም። ብቻውን ይመጣል።

ብቻውንም ይኖራል። ራዋል በሹመቱ ላይ እስካለ ድረስ ሚስት ማግባት አይችልም፤ ካገባ ሹመቱን ይለቃል። ልጅ የለውምና ወራሽ የለውም፤ የአገሩ ተወላጅ አይደለምና የሚደግፈው ዘመድ በአካባቢው የለውም። ይህ ሁሉ ስለ ንጽሕና የተደነገገ ነው ይባላል፤ እኛም አንክድም። ነገር ግን በአስተዳደር ዓይን ስናየው ብልህ የሆነ ዘዴ ሆኖ እናገኘዋለን፤ መቅደሱ ከአባት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ በሩ ከመጀመሪያው ተዘግቷል።

የቀኑ ሥራ የሚጀምረው ከንጋት በፊት ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ገደማ መቅደሱ ይከፈታል። ራዋል ምስሉን ያጥባል፥ በወተትና በሰንደል ቅባት ያገለግላል፥ ያለብሳል፥ ያስጌጣል፤ ምግብም ያቀርባል። ማታም የመኝታ ጸሎት አድርሶ ይዘጋል። ምስሉን በእጁ ሊነካ የተፈቀደለት እርሱ ብቻ ነው። ተሳላሚ ሀብታምም ቢሆን፥ ሚኒስትርም ቢሆን፥ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ዲምሪ የሚባሉት የአካባቢው ካህናት የአምላኩን ምግብ በማብሰልና በመርዳት ከእርሱ ጋር ያገለግላሉ፤ ዳሩ ግን የእርሱን እጅ አይተኩም። እንግዲህ ለአንድ ሰው ብቻ የተፈቀደ ነገር በዚያው ሰው ላይ ግዳጅ ይሆናል፤ ዛሬ ደክሞኛል፥ ሌላ ሰው ይግባልኝ ማለት የለም። ናይብ ራዋል የሚባል ምክትል አለው፤ እርሱም ከዚያው ወገን የተመረጠ ነው።

መቅደሱ በኅዳር ሲዘጋ የሚፈጸመው ሥርዓት ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። በተሳላሚው ወራት ላክሽሚ፥ የቪሽኑ ባለቤት፥ ለብቻዋ በግቢው ውስጥ ባለ ቤት ትቀመጣለች። በመዝጊያው ቀን ወደ ባልዋ አጠገብ መግባት አለባት። ወንድ ካህን የሌላውን ሚስት ተሸክሞ ሊሄድ ነውር ስለ ሆነ፥ ራዋል የሴት ልብስ ለብሶ፥ እንደ ሴት ጓደኛዋ ሆኖ ይዟት ይገባል። በዚያ ተራራ ላይ ከሁሉ የከበረው ሰው በሕዝብ ፊት የእመቤት ደንገጡር ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ሰው ቢኖር ሥርዓቱ የሚለውን አላስተዋለም። ከዚያ በኋላ የማና መንደር ሴቶች የሠሩት ብርድ ልብስ ቅቤ ተቀብቶ ምስሉ ይሸፈንበታል፤ መብራትም ይበራል። ምእመናኑ ያ መብራት 6 ወር ሙሉ ሳይጠፋ ይቆያል ብለው ያምናሉ። ሻንካራ ተቀመጠበት የሚባለው መንበርም ወደ ቆላው፥ ወደ ጆሺማት ይወርዳል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሁለተኛውን ወገን ደስ ያሰኘዋል። አሁን ግን ወደ ገንዘቡ እንምጣ።

በቀድሞ ዘመን ለባድሪናት የሚገብሩ ብዙ መንደሮች ነበሩ፤ የተሳላሚውም ስጦታ ቀላል አልነበረም። ያንን ሁሉ የሚያዝዝበት ራዋል ነበረ። ሚስትና ልጅ አለመኖሩ ርስት እንዳይወረስ ከለከለ እንጂ፥ ገንዘቡ በሕይወት ሳለ እንዳይባክን አልከለከለም። በእንግሊዞች ዘመን ስለ አስተዳደሩ ክርክር በዛ። በመጨረሻም በ1939 ለባድሪናት መቅደስ ልዩ ሕግ ወጣ። ለሕግ ተማሪዎች ስንል ጥቂት እንቆይበት። ሕጉ የመቅደሱን ገንዘብ ለራዋል አልተወለትም፤ ለመንግሥትም አልሰጠውም። ባለቤቱ አምላኩ ራሱ ነው አለ፤ በሕንድ ሕግ በመቅደስ የተተከለ አምላክ በፍርድ ቤት የሚታወቅ ባለንብረት ነውና። ገንዘቡን ይዞ የሚያስተዳድር ኮሚቴ ተቋቋመ። ራዋልም መብራቱን ይዞ ከረጢቱን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ቪሽኑ ከባድሪናት አልሸሸም፤ ተሳላሚውም አላነሰም። «የተቀደሰ ነገር በሕግ አይነካም» ለሚሉት ወንድሞቻችን መልሳችን ይህ ነው።

ሕግ ሁሉ ግን ይጠቅማል ማለታችን አይደለም። በ2019 የኡታራካንድ መንግሥት ባድሪናትን ከሌሎች መቅደሶች ጋር በአንድ የመንግሥት ቦርድ ሥር የሚያደርግ ሕግ አወጣ። የየመቅደሱ ካህናትና ባለመብቶች ተቃወሙ፤ ሁለት ዓመት ያህል ታገሉ። በ2021 መጨረሻ ሕጉ ተሻረ፤ የቀድሞው ኮሚቴም ተመለሰ። ሰዎቹ የተጣሉት ከሕግ ጋር ሳይሆን ከረጢቱ እንደገና ወደ አንድ እጅ ሲሄድ ስላዩ ይመስለናል። ያ እጅ የካህን ይሁን የሚኒስትር ልዩነቱ ትንሽ ነው።

በ2020 ደግሞ የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ የዚህ ሹመት ክብደት በግልጽ ታየ። መቅደሱ ኤፕሪል 30 ቀን እንዲከፈት ተቆርጦ ነበር። ራዋል በኬረላ ነበረ፤ አገሩ ሁሉ ተዘግቶ ሳለ በመኪና ሕንድን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ ደረሰ። ሲደርስም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሁለት ሳምንት ተለይቶ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ስለዚህ የመክፈቻው ቀን ወደ ሜይ 15 ተዛወረ፤ በዚያም ቀን በሩ ያለ ተሳላሚ ሕዝብ ተከፈተ። አንድ ሰው ሳይደርስ መቅደሱ አይከፈትም፤ ያ አንድ ሰው ግን ለጤና ትእዛዝ ይገዛል። በ2024 ራዋሉ ከ10 ዓመት አገልግሎት በኋላ ሥራውን በፈቃዱ ሲለቅ ደግሞ፥ ምክትሉ ራሱን ተላጭቶ፥ ታጥቦና ነጽቶ ተተካ። ሹመቱ የሞት ሹመት አይደለም።

ለሁለቱም ወገን የማይመች አንድ ነገር ይቀረናል፤ እርሱም የትውልድ ነገር ነው። ራዋል ለመሆን ሳንስክሪት መማር አይበቃም፤ ናምቡዲሪ ሆኖ መወለድ ያስፈልጋል። ልጅ አባቱን እንዳይወርስ የከለከለው ሥርዓት ራሱ አንድ ወገን ብቻውን እንዲወርስ ፈቅዷል። የሚገርመው፥ ራዋል በሚወጣበት በኬረላ ይህ በር በከፊል ተከፍቷል። በ2002 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥርዓቱን የተማረና ብቃት ያለው ሰው ብራህማን ባይሆንም ካህን ሊሾም ይችላል ብሎ ፈረደ። በ2017 ደግሞ ለትራቫንኮር መቅደሶች ቦርድ 36 ብራህማን ያልሆኑ ሰዎች ለክህነት ቀረቡ፤ ከእነርሱም 6ቱ ቀድሞ «አይነኬ» ከሚባሉት፥ ወደ መቅደስ በር እንኳ እንዳይቀርቡ ከተከለከሉት ወገን ነበሩ። ፈተና ተፈትነው ነው ያለፉት። ባድሪናት ግን ዛሬም ከዚያው ከኬረላ የሚቀበለው ናምቡዲሪውን ብቻ ነው።

በእኛ አስተያየት የ1939ኙ ሕግ ሥራውን ግማሽ አድርሶ የቆመ ሕግ ነው፤ ከረጢቱን ከመብራቱ ለየ፥ መብራቱን ግን ከደም አልለየም። ሌላውን ግማሽ ማን ይሥራው፤ ፍርድ ቤቱ ነው፥ ኮሚቴው ነው፥ ወይስ ምእመናኑ ራሳቸው? ይህን ለጉባኤው ትተን መድረኩን ለጥያቄ እንለቃለን።